ከሰል የተቀቡት የእባብ እንቁላሎች

የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ የቡና ገለፈት ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ጣፋጭም ጎምዛዛም ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ፣ ነቀምቴ ዳር፣ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የነበረው ቤታችን ይታየኛል፤ በጓሮው የገለፈት ክምር አጠገብም አዳዳ ጫልቱ ቁጢጥ ብላ። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ እኛ ዘንድ የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው።

በበጋ አባቴ ከቡና መፈልፈያው ገለፈት በጆንያ እያመጣ ለማዳበሪያ ይከምረው ነበር። ክምሩ ውስጡ ስለሚሞቅ፣ ጎተራችን ሥር የምትኖረው ቡናማ እባብ እዚያ ትገባ ነበር። መርዝ እንደሌላት አዳዳ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ አይጥ ስለምትበላልንም ማንም አይነካትም ነበር። አንድ ቀን ግን ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ለእኛ ደግ የሠራ መስሎት በዱላ ቀጥቅጦ ገደላት። ብዙም ሳይቆይ አይጦቹ ጎተራውን ወረሩት፤ ለዘር ጣራ ሥር የሰቀልነውን በቆሎ ሳይቀር ቆረጣጥመው ጨረሱትና አባቴ ጉቴ ካሉ ዘመዶቻችን ዘር ሊለምን ሄደ። እሱ በሄደበት ነው አዳዳ ገለፈቱን ስትዝቅ የሞተችውን እባብ እንቁላሎች ያገኘችው፤ ረዘም ያሉ፣ ነጫጭ፣ ሲነኳቸው እንደ ቆዳ የሚለሰልሱ።

እናቴ ጮኸች። አባቴም ሲመለስ አዳዳን፣

«ልጆቼ መሃል እባብ ልትፈለፍይ ነው?» አላት።

«አይጥስ ከመሃላቸው መቼ ጠፋ?» አለችውና፣ «ማሎ!» ብላ ለመነችው። «እነዚህ ከወጡ ለከርሞ ዘር አትለምንም።»

«እንግዲያው ክረምቱ እስኪገባ። ያን ጊዜ ካልወጡ እኔው እቀብራቸዋለሁ።»

አዳዳ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ፈልጋ፣ በገለፈት ሞልታ፣ እንቁላሎቹን እላዩ ላይ ደረደረቻቸው። እኛ አገር ዶሮ ስትታቀፍ፣ ሌላ ዶሮ የጣለችው እንዳይቀላቀል የታቀፈችው እንቁላል ከሰል ይቀባል። አዳዳም በልማዷ እያንዳንዱን በከሰል ነካችና፣ ዶሮ እንደምታደርገው በየማለዳው ታገላብጣቸው ጀመር፤ ዛሬ ከሰሉ ወደ ላይ፣ ነገ ወደ ታች። ኦቦ ገመቹ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያት ነበር።

«ጫልቱ፣ ጫጩቶችሽ መቼ ነው የሚጮኹት?»

«አይጮኹም። በዚህስ ካንተ ይሻላሉ።»

የበልጉ ዝናብ መጣል ሲጀምር ግን አንዱ እንቁላል ቢጫ ሆኖ ሸተተ፤ ከዚያም ሌላው። አዳዳ አንዱን ከጓሮው ጥግ ወስዳ ቀደደችው፤ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ውስጡ ሞቶ ተኝቷል። እኔም ከጀርባዋ ቆሜ ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ድንገት የራሷን መዳፎች ገልብጣ ተመለከተች።

«አንቺ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እባብ እግር አላት?»

«የላትም።»

«እጅስ?»

«የላትም።»

«ታዲያ እንቁላሏን በምን ታገላብጠዋለች? እኔ ነኝ የፈጀኋቸው። ዶሮ አደረግኋቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላገላበጠቻቸውም፤ የከሰሉ ምልክት ወደ ላይ እንደሆነ ቀረ። እሷ ሳታይ ማንም እንቁላሎቹን የነካ እንደሆነ በምልክቱ ታውቅ ነበር፤ ራሷ ግን አጠገቡ ስትቀመጥ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ በዓይኗ ብቻ ትጠብቅ ነበር። ገለፈቱ ረጥቦ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ ሲያወጣ እንቁላሎቹን ሳታነቃንቅ ዙሪያቸውን በደረቅ ለወጠችው፣ ክዳኑንም ገርበብ አደረገችው። ዝናቡ አቋርጦ እንቁላሎቹ ሲሰረጉዱ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ በማሰሮው ጠርዝ ብቻ አኖረች። ማንም አላስተማራትም፤ ያጋጠማትን እያየች ነበር የምትማረው። የሷን ያህል ጠባቂ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ክረምቱ ገባ። አባቴ ዶማውን ይዞ ወደ ማሰሮው ሲሄድ እናቴ እንኳ፣ «እስቲ ዛሬን ተዋቸው» አለችው። እሱም ክዳኑን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዶማውንም ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። አንዱ እንቁላል በምላጭ የተነካ ይመስል ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ትንሽ ቡናማ ራስ ወጥታ ምላሷን ታርገበግብ ነበር።

«ጫልቱ!» ብሎ ተጣራ። «ነይ ልጆችሽን ተቀበይ!»

የተረፉት ጥቂት ነበሩ። አዳዳ ጎተራው ሥር ለቀቀቻቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት የዘሩ በቆሎ እንደተሰቀለ እስከ መዝሪያው ቆየ።

ዛሬ ጎተራ የለኝም፤ እህሉን ከገበያ በጆንያ እገዛለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ እናት ነኝ፣ ሴት ልጄ ግን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች። ማለዳ ደውዬ በላሽ ወይ፣ ለበስሽ ወይ፣ ከማን ጋር ነሽ እላታለሁ፤ ከዘጋችው በኋላም እንደገና እደውል ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ «እማ፣ ማሎ፣ ትንሽ ተዪኝ፤ ደህና ነኝ» አለችኝ። የዚያን ጊዜ አንድ ቤት፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ነበርን፣ ከዓይን የሚርቅ ልጅም አልነበረም፤ ቢሆንም አዳዳ እጇን መሰብሰብ ቻለች። የእኔ ልጅ ሩቅ ናት፣ የእኔም እጅ እሺ አይለኝም። አሁን ግን አንዴ ከደወልኩ በኋላ ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ፤ ሁለት እጄንም ጭኔ ላይ።