ቲቸር ሰይድ ለውሻው ያወጣላት ስም

«አንቺ የማለዳ እህት አይደለሽም እንዴ? የውሻዋ!» አለችኝ አንዲት ማንጎ ሻጭ፣ መርሳ ገበያ መሀል፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እህቴ ውሻ አይደለችም። ስሟም ማለዳ ሳይሆን ከድጃ ነው። ይህንኑ ልመልስላት ስል ከእግሯ ስር የፈረጠው ማንጎ ሸተተኝ። የቲቸር ሰይድ ግቢ ሽታ ነው።

ቲቸር ሰይድ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ቤቱን ከኛ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ስር፣ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክዳኑ የወለቀ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያመሻል። ሲያነብ ጉሮሮው ውስጥ ማር ያለ ይመስላል። ማንበብ የለመድኩት እሱ ጋ ነው። መጽሐፍ ያውሰኛል፤ ገጽ ካጠፍኩ ደግሞ ጆሮዬን እስኪደማ ይቆነጥጠኛል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች በዓል ቴአትር ጻፈ። ማለዳ የምትባል ቆንጆ ባሏን ስትጠብቅ ታረጃለች። ማለዳን የተጫወተችው ከድጃ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። መጨረሻ ላይ ስታለቅስ አባታችን ሳይቀር በፎጣው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁም ባለባጃጁም «ማለዳ» ይላት ጀመር። ደስ ይላት ነበር።

ክረምት ላይ ቲቸር ሰይድ ሽማግሌ ላከባት። አባታችን «እሷ ትወስን» አለ። ከድጃ «እኔ እንደ አባቴ ነው የማያቸው» አለች። በቃ።

ብዙም ሳይቆይ ቦይ ውስጥ የተጣለች ቡችላ አንስቶ መጣ። እኛ ጋ ሴት ቡችላ የሚያሳድግ የለም፤ አድጋ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ትሰበስባለች ተብላ ትጣላለች። ደግሞም የውሻ ስም የሚወጣው ጎረቤት እንዲሰማው ነው። የተጣላ ሰው ውሻውን «ምን አገባው» ይለውና ሲመሽ አጥር ላይ ቆሞ ይጠራዋል።

«ነይ እስቲ አንባቢዋ፣ ስም እናውጣላት። ከድርሰት ይሁን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከተረት የማውቃቸውን የንጉሥ ልጆች ሁሉ ደረደርኩለት። አንዷንም አልወደዳትም። በመጨረሻ «ማለዳ» አለ፣ በዚያው ማር በሚመስል ድምፁ።

የሚጠራት ከመግሪብ በኋላ፣ ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ጠብቆ ነው። «ማለዳ! ነይ ፍርፋሪሽን ብይ!» ስታድግማ ባሰ። «ማለዳ፣ ዛሬስ ከየትኛው ጋር ስትዞሪ ዋልሽ?» መንገዱ በሳቅ ይሞላል። ከድጃ ትራስ ጆሮዋ ላይ ትጭናለች። እናታችን «ቲቸር፣ ለአላህ ብለው ይህን ስም ይተዉልን» ብላ ለመነችው።

«ድርሰቱ የኔ፣ ስሙም የኔ» አላት። «ልጅሽ ተውሳው ነው።»

በኋላ አንድ የሲሪንቃ ከተማ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ከድጃ ትወደዋለች፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሽማግሌዎቹ በራችን ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ቲቸር ሰይድ በአጥሩ ብቅ አለ።

«ማለዳ! ኧረ ነይ፣ ወንዶች መጥተውልሻል!»

ውሻዋ ጭራዋን እየቆላች መጣች። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሻይ ጠጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሄዱ። አልተመለሱም። ልጁ «የውሻ ባል ልባል?» ብሏል አሉ።

ከድጃ ዓረብ አገር ገባች። ስትደውል ስለ ሁሉም ሰው ትጠይቃለች፤ ስለዚያ አጥር ግን አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ያስተማረኝ እሱ ነው። ድምፁ ያው ነበር፤ እንደሱ የሚያነብ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ውሻዋን ማለዳን መኪና ገጭቷት ስለሞተች ማንጎው ስር ሌላ ሴት ቡችላ አስሯል። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ክፍል ገባና ፊቴ ቆመ።

«ለወላጆች በዓል አዲስ ቴአትር ጽፌያለሁ። ዋናዋ አንቺ ነሽ። ቁርጥ እህትሽን!» ክፍሉ አጨበጨበ።

«ቲቸር፣ የገጸ ባሕርይዋ ስም ማን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሱን እያሰብኩበት ነው» አለና ሳቀ። «ቡችላዬም ገና ስም አላወጣሁላትም።»

ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።