ነጩ ክር የሚጡ ነው

«እትዬ መቀስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ግማሹን በሙያቸው፣ ግማሹን በምላሳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተዋል። የደንበኛን ወገብ በሜትር ከመለካታቸው በፊት በዓይናቸው ገምተው «ጨመርክ እኮ! ሚስትህ ደህና ይዛሃለች» ሳይሉት አይለቁትም። ምግብ ሲሠሩ እንኳን መርፌ ካልያዙ ደስ አይላቸውም። በጋ ገብቶ ቆርቆሮው ሲንጣጣ የሚሠሯት አንዲት ቀላል ምሳ አለች፤ የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያ አናቱን ይቆርጡና ፍሬውን አውጥተው፣ በተቀቀለ ሩዝ፣ በሽንኩርትና በተከካ ኦቾሎኒ ይሞሉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ክዳኑን መልሶ ጣል ያደርግበት ነበር። እሳቸው ግን በመርፌና በክር ዙሪያውን ይሰፉታል። ለምን ብሎ ለጠየቃቸው «ኪሱ የተቀደደ ሱሪ ለብሰህ ትወጣለህ?» ነው መልሳቸው።

ስፌቱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ሚጡ ኦቾሎኒ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል። አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ ከረሜላ ተቀብላ በልታ፣ ከንፈሯ አብጦ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ተሸክመዋት ወደ ክሊኒክ የሮጡት እሳቸው ናቸው። አንድ እግር ጫማቸው መንገድ ላይ መቅረቱን ያወቁት ልጅቷ መተንፈስ ከጀመረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦቾሎኒው ከመግባቱ በፊት የሚጡን ድርሻ በትንሿ ጎድጓዳ ሳህን ለይተው ያስቀምጣሉ። የሚጡ ቃሪያ በነጭ ክር ይሰፋል፣ የትልልቆቹ በቀይ።

ሚጡ እናትና አባቷ ሥራ በሚውሉበት ቀን ሁሉ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የምትመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ቁልፍ ስትለቅም፣ ስትለፈልፍ፣ ስትጨቃጨቅ ትውላለች። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ያን ቤት ቤት ያደረገችው እሷ ናት።

ዘንድሮ ግን አንድ የማይታወቅ ነገር ቤቱ ገባ። መጀመሪያ የአንድ ደንበኛ ኮት ሁለቱም እጅጌው የግራ ሆኖ ተገኘ፤ «ግራኝ መስለኸኝ ነው» ብለው ሳቁበት። ቀጥሎ ድስት አረረ። ቀጥሎ ልጃቸውን፣ የሚጡን እናት፣ በሞተችው እህታቸው ስም ጠሯት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ክፍት አድሮ ወለሉ ሲጥለቀለቅ፣ ልጃቸው መወልወያውን እንደያዘች ቀስ ብላ ተናገረች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይደገምና ሚጡን ሰው ቀጥሬ እቤቴ አስጠብቃታለሁ። እወድሻለሁ፣ ግን ፈራሁ።»

መቀስ የተባሉት ሴትዮ መወልወያውን ከእጇ ወስደው ወለሉን መወልወል ጀመሩ።

ስለዚህ ልጃቸው ከባሏና ከሚጡ ጋር የምትመጣበት የእሑዱ ምሳ ተራ ምሳ አልነበረም። ደህና መሆናቸውን ሊያሳዩበት ቆርጠው ነበር። ማለዳ ገበያ ወጥተው ቃሪያውን አንድ በአንድ እያገላበጡ መረጡ፣ ሩዙን ለቀሙ፣ ኦቾሎኒውን ቆልተው ከኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ መቼ እንደተቀመጡ አያውቁም። ወጥ ቤት ውስጥ ድስቱ ይንተከተካል። ብድግ ብለው ክዳኑን ሲያነሱ ቃሪያዎቹ ሁሉ ተሰፍተው ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ በነጭ፣ አንዳንዱ በቀይ። ስፌቱ የእሳቸው ነው፤ ያን የመሰለ ደቃቅ ስፌት በሰፈሩ ሌላ ሰው አይሰፋም። መስፋታቸው ግን ትዝ አላላቸውም።

የታጠበ ዕቃ የሚደረደርበትን ቦታ አዩ። ትልቁ ሳህን ብቻውን ተደፍቷል። ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ትንሿ ሳህን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ደርቃለች።

«አጥቤ መልሻት ነዋ! በዚህ ሙቀት የማይደርቅ ምን አለ?» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰው የሚሰማቸው ይመስል።

ቢላው እዚያው አጠገባቸው ነበር። ነጭ ክር ያለበትን አንዱን ቀደድ አድርጎ ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው። ግን ፈሩ። ያዩት እንደሆነ ሚጡን ያጣሉ፤ ካላዩት ግን ምናልባት ሁሉም ደህና ነው። እጃቸው ወደ ቢላው እየሄደ እየተመለሰ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«እማማ፣ ቃሪያውንም ሙሉ ልብስ አለበሱት?» አለ አማቻቸው ገና ድስቱን ሲያይ። ሹፌር ነው፤ ሲበላም ሲቀልድም ይቸኩላል።

«አንተስ ከቃሪያው ተማር፤ ቁልፍህ ተበጥሷል» አሉት። ሁሉም ሳቁ፣ ልጃቸውም ሳትቀር።

ምግቡ ቀረበ። ሚጡ «ነጩ የኔ ነው!» ብላ ሳህኗን ሳበች። እንደ ልማዷ ክሩን መዝዛ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። እትዬ መቀስ የራሳቸውን አልነኩም። ልጅቷ ክዳኑን አነሳች፣ በማንኪያ ዛቀች፣ እፍ እፍ አለችበት። ሚጡ አፏን ከፈተች።

«ተዪው!»

እትዬ መቀስ ማንኪያዋን ከነሳህኑ በእጃቸው መቱት። የሳህኑ ስብርባሪ ወለሉ ላይ ተበታተነ፤ ማንኪያው በር ድረስ ተንሸራተተ። ሚጡ ደንግጣ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«አላውቅም» አሉ። «ምን እንደጨመርኩበት አላውቅም።»

ልጃቸው ተንበርክካ የፈሰሰውን ሩዝ በሹካ በተነችው። ኦቾሎኒ ነው። ተነስታ ሌላውን ባለነጭ ክር ቀደደች። ኦቾሎኒ። ቀጥሎ ያለውንም። ነጭ ቀይ የለም፤ ሁሉም አንድ ነው። አባቷ ሚጡን አፈፍ አድርጎ አፏንና እጇን ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ሮጠ፤ ክሩንም ከጣቷ መንጭቆ ጣለው።

«መቼ ነው የጠረጠርሽው?»

«ድስቱን ስከፍት።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ብነግርሽ ትወስጅብኛለሽ ብዬ።»

ይህን ከአፋቸው ሲያወጡ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሲፈሩ የቆዩት ለልጅቷ ጉሮሮ ሳይሆን ለራሳቸው ባዶ ቤት እንደነበር ያኔ ገባቸው። ልጃቸው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች።

«ነገ አታምጪያት» አሉ እሳቸው ራሳቸው። «ከነገ ወዲያም።»

ልጃቸው ከስፌት መኪናው ሥር የሚጡን ጫማ፣ ከመስቀያው ላይ ቦርሳዋን አነሳች። ሚጡ ከነእርጥብ ፊቷ መጣች።

«አያቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ሆድ» አሉና ሊያቅፏት ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ልጃቸው ፈጥና መሃል ገባች።

«እማዬ፣ እጅሽ!»

አዩት። ጥፍራቸው ሥር ሁሉ ኦቾሎኒ ነው። እትዬ መቀስ ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ኋላቸው አድርገው፣ ሚጡ በሩን እስክትወጣ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።