አሥራ አንዱ ወይስ አሥራ ስምንቱ

ያን ሰሞን እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። የሞባይል መጠገኛ ሱቄን እከፍታለሁ፣ የሰው ስልክ ፈትቼ ብሎኖቹን ጠረጴዛ ላይ እንደበተንኳቸው ትቼ እወጣለሁ፣ እስከ ነዳጅ ማደያው ሄጄ ሰልፉን አይቼ እመለሳለሁ። ምን ፈልጌ እንደሄድኩ እኔም አላውቀው። ከሚሴ ደግሞ የሰው ጉዳይ ሳይጠይቅ የሚያድር የለባትም። በየሱቁ በር «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? ኸይር ነው? መኪናው እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። «እያየሁ ነው» እላለሁ። ሲደጋገምብኝ «አቦ ተዉኝ፣ ስገዛ ታዩት የለ እንዴ» ብዬ አልፋለሁ።

መኪናው ለኔ አልነበረም፣ ለባለቤቴ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ ሆስፒታል ወስጃት ደሟ በማሽን ይታጠባል። መሄዱስ ይሁን፣ መመለሱ ነው ያቃጠለኝ። እጥበቱ ሲያልቅ እጅና እግሯ ይዝላል፣ መቆም ያቅታታል። በዚያ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ እንጠብቃለን፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን እንጨናነቃለን፣ ሐርቡ ስንደርስ ያስመልሳታል። አንድ ቀን ረዳቱ «ሌላ ጊዜ በሽተኛ ስትጭን አስቀድመህ ተናገር» አለኝ። ትጭን ነው ያለኝ፣ እንደ እህል! ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ስሰድበው እሷ እጄን ይዛ «ተው ሆድዬ፣ እሱም እንጀራው ነው» አለችኝ። ቤት ሳንገባ መኪና እንደምገዛ ወሰንኩ።

ቤንዚን አንድ ቀን ተገኝቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ፣ ሁሉም ሰው ሀይብሪድ ግዛ አለኝ። በባትሪም በቤንዚንም ስለሚሄድ ትንሽ ነው የሚጠጣው። አንድ የማውቀው ደላላ ሁለት ያገለገሉ መኪናዎች አገኘልኝ። አንደኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የ2011 ሞዴል ነው፣ እዚሁ ከሚሴ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጋ የሚገኝ። ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል፣ የኋላ ወንበሩ ግን ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል። ሌላው የ2018 ሲሆን ኮምቦልቻ አንድ ነጋዴ እጅ ነበር። ሲያዩት ዓይን ይስባል፣ ኋላው ግን ጠባብ፣ ወንበሩም ደረቅ ነው።

ደላላው ሱቄ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና አስረዳኝ። «የአሥራ አንዱን ባትሪ ኮምቦልቻ በመሣሪያ አሳይተነዋል። ሦስት ዓመት ያለ ሐሳብ ያስኬድሃል። የአሥራ ስምንቱ ግን አሥር ዓመት ቢሄድ አይገርምህ።»

«ሦስት ዓመት ነው ያልከኝ?»

«ሦስት።»

«ኢንሻአላህ አይባልም?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ለባትሪም?»

«ለባትሪም!»

«አንተ ራስህ እዚህ ቁጭ ብለህ፣ ይኼ ባትሪ ስድስት ወር አይቆይም እያልክ የሰው ስልክ ትመልስ የለ እንዴ? መቼ ነው ኢንሻአላህ ስትል የሰማሁህ?»

እውነቱን ነው። እኛ አገር መጪ ዘመን ራቁቱን አይጠራም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሰርግ እንኳ ኢንሻአላህ ሳይጨመርበት አይነገርም። ባትሪ ግን ባትሪ ነው። ያበገነኝ ሌላ ነበር። ደሴ ስንመላለስ ሐኪሙን አንድ ቀን እንኳ «ስንት ጊዜ አላት?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ሊናገር ያሰበ ሲመስለኝ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ እወጣለሁ። ያን ስሸሸው የኖርኩትን ቁጥር የመኪና ደላላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። የአሥራ አንዱን ብገዛ ለሚስቴ ሦስት ዓመት ይበቃታል ብዬ በእጄ የፈረምኩ መሰለኝ። ደላላው «ባትሪ እኮ ይቀየራል» ቢለኝም አልሰማሁትም። አሥራ ስምንቱን ነው የምገዛው አልኩ።

አሥራ ስምንቱን ለመግዛት ግን ጨፋ ወንድሜ ዘንድ ያሉትን ላሞቼን መሸጥ ነበረብኝ። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ላሞቹ አይሸጡም» አለች። «ለልጆቻችን ይሁኑ።»

«ልጆቹ እናት አባት የላቸውም እንዴ፣ ላም የሚያሳድጋቸው?»

«እኔ ምን አልኩ? ወተት ይጠጡ ነው ያልኩት።»

እኔ ግን ኑዛዜ ነው የሰማሁት። ሰው እየተናዘዘ መሆኑን ሳያውቅ ሲናዘዝ ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ የደረሰበት ያውቀዋል። ጮኽኩባት። ከዚያ ስለጮኽኩ ተናድጄ ወጣሁ፣ እስከ ማደያው ሄድኩ፣ ሰልፉን አየሁ፣ ተመለስኩ። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

በማግስቱ «ኢስቲኻራ እንስገድ» አለችኝ። ሰው ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ሲቸግረው፣ የተሻለውን ምረጥልኝ ብሎ አላህን የሚለምንበት ሶላት ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ሰው ሰግዶ ይተኛና ሕልም ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ያያል። ሁለታችንም ሰገድን። እሷ ጠዋት ፊቷ ፈክቶ ተነሳችና «ልቤ ወደ መምህሩ መኪና አለ» አለች። እኔ ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሕልም ለማየት መጀመሪያ መተኛት ያስፈልጋል፣ መቼስ!

«አንቺ ደክሞሽ ነው የተኛሽው፣ አይቆጠርም» አልኳት።

ደገምኩት። ሠለስኩት። ሶላቱን ከጨረስኩ በኋላ እጄን ዘርግቼ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማው አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ይህን ስታይ ባለቤቴ ከዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ሳቋ መጣ። «አንተዬ፣ አንተ እኮ አላህን አትጠይቅም፣ ትከራከረዋለህ እንጂ» አለችኝ።

ከሐሳቤ ግን አልተመለስኩም። ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚገዛ ነጋዴ ደውዬ አገኘሁ፣ ወንድሜንም ላሞቹን በገበያው ቀን እንዲያመጣ ነገርኩት። ለሷ አልነገርኳትም። ቁርጥ ካደረግኩ በኋላ ሰውነቴ ያርፋል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ሱቅ ውስጥ የአንዱን ስልክ ብሎን ለሌላው እገጥማለሁ፣ ደንበኛ ሲያናግረኝ ግማሹን ነው የምሰማው።

ከገበያው በፊት ያለው የእጥበት ቀን መናኸሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀን። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል ሚኒባሶቹ አንወጣም ብለው ቀርተዋል። እጥበቱ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ አንድ ቀን ከቀረች ሰውነቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። እየተቁነጠነጥኩ ወዲያ ወዲህ ስል ደላላው በመምህሩ መኪና መጣ። «እሳቸው ናቸው የላኩኝ። ብትገዛም ባትገዛም ዛሬ ውሰዳት ብለዋል» አለ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ስንሄድ ዝም ብዬ ጉድለት እፈልግበት ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ሳይንገዳገድ ወጣው። ስንመለስ ከኋላ አስተኛኋት፣ ነጠላዋን አጣጥፌ ከጭንቅላቷ ሥር አደረግኩላት። እኔ ከፊት ተቀምጬ በየደቂቃው እዞራለሁ። ሐርቡ ደረስን፣ አላስመለሳትም። ሐርቡን አለፍን፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ደረቷ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ከእጥበት ስትመለስ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ።

የጨፋ ማሽላ በግራና በቀኝ መታየት ሲጀምር ነቃች። ደላላው በመስታወቱ አያትና ኩራት ተሰማው። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! አየሽ እህቴ፣ እንዲህ ተኝተሽ ሦስት ዓመት ትመላለሽበታለሽ» አላት።

«ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት።

እሷ ቀስ ብላ ክንዷን ተደግፋ ተነሳች። «ሦስት ዓመት ምኑ ነው?»

«ባትሪው ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «የዚህ መኪና ባትሪ። የኮምቦልቻው አሥር ዓመት ይሄዳል። እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ አሥር ዓመት የሚሄደውን...» ቀጥዬ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ድምፄ እየተቆራረጠ ነበር።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፣ ሁሉም ነገር እንደገባት ከዓይኗ አወቅሁ። የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ አስተካከለችና በሌላው እጇ ጣቶች መቁጠር ጀመረች።

«ትልቁ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል» አለች። «ትንሿ ቁርኣኗን እስከ መጨረሻው አንብባ ታኸትማለች፣ ጸጉሯን ራሷ መሥራት ትለምዳለች። አንተንም ወጥ መሥራት ላስተምርህ እችላለሁ።» ቆም አለችና እንደገና ጣቶቿን አየች። «ሦስት ዓመት ብዙ ነው እኮ። እኔ ለዘንድሮ አረፋ ብቻ አድርሰኝ እያልኩ ነበር የምለምነው።»

ደላላው ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። ከሚሴ ስንገባ ወደ ቤታችን የሚታጠፈውን መንገድ አሳለፍኩትና «ወደ መምህሩ ቤት ንዳ፣ ዋጋ እንጨርስ። ላሞቹ አይሸጡም» አልኩት።