በሚካኤል ቀን የዞረ እንዝርት

ነገሩ የአራት ሰው ነው። አንደኛዋ ልጄ፣ በሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የጨርቅ ዲዛይን ተማሪ። ሁለተኛው መምህሯ። ሦስተኛዋ ታናሽ እኅቴ፣ ባሏ ሞቶባት ጉና ተራራ ሥር የበግ ፀጉር እየፈተለች የምትኖር። አራተኛው እኔ፣ ፊደልንም ስፌትንም ያለ አስተማሪ የለቀምሁ የደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ።

የልጄና የመምህሯ ምርምር ቀና ነበር። የፋብሪካ ክር ከሩቅ ይመጣል፤ ሲጣልም አይበሰብስም። የጉና በግ ግን እዚሁ ይሸለታል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከእኅቴና ከጎረቤቶቿ ጋር በቅጠልና በሥር ቀለም የተነከረ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ሊሠሩ ተነሡ። እኔም መረቅሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ መኪና የተገኘላቸው በወሩ ሚካኤል ነው። አብሬያቸው ሄድሁ። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ተቀምጠዋል። መምህሩ አፈታተሉን እንይ አለ።

«ዛሬ እንዝርት አይዞርም» አለች እኅቴ።

«ፈትል ቁጭ ብለው እያወሩ የሚፈትሉት አይደል? ይህም ሥራ ይባላል?» አለ መምህሩ።

«የኔ ጌታ፣ አንተስ ቆመህ እያወራህ አይደል ደሞዝ የምትበላው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ ግን ተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ፈራች። «እትዬ፣ ለትምህርት እኮ ነው፤ ለገበያ አይደለም» አለቻት። «ተዪ» ብል የሰማኝ የለም። እኅቴ ለልጄ አንጀቷ አይጨክንምና እንዝርቷን አነሣች።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ ገብሱን አነጠፈው። መንደሩ «በዓል ሽራ አስመታችን» ብሎ ከእንግዲህ የእኅቴን ማሳ ላያርስላት ተማማለ። በሬ ለሌላት ሴት ይህ ረኀብ ነው።

በዓል ይከበር ባይ ነኝ፤ ልጆቼንም በዚሁ ነው የገራኋቸው። ግን በረዶው የፈተለችውንም ያልፈተሉትንም ማሳ እኩል ነው የመታው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ስናገር አንዱ፣ «በአንዷ ጦስ ሁላችን መመታታችን አይደል ክፋቱ?» አሉኝ።

የንስሐ አባቷ ገብተው አስታረቁ። ማሳዋ ይታረስላታል፤ ለተማሪዎቹ የበግ ፀጉር የሚፈትል ግን ከመንደሩ አይኖርም። እኅቴ «ይሁን» አለች። ምን ትበል?

መልካም ሐሳብ ይዞ የሰው ደጅ የሚሄድ፣ አስቀድሞ ቀኑን ይጠይቅ። ልጄ ምርምሯን በፋብሪካ ክር ጨረሰች። መምህሩ ብዙ የለፋበት ባና ሳይሸመን ቀረ። ሴቶቹ ለተማሪዎቹ ፈትለው የሚያገኙት ገንዘብ ቆመ፤ መንደሩም የዓመት ገብሱን አጣ። እኔን ያስከፈለኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ልጄ አክስቷን ቀና ብላ ማየት አቅቷት ጉና ሥር መሄድ ተወች፤ እኅቴም ስለ እርሷ አትጠይቀኝም።