ሁለት ዓይን ያላቸው ቀዛፊዎች

አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በጃንሆይ ልደት ዳንግላ ትምህርት ቤት የሸለመኝን የውሃ ቀለም ይዤ ስመጣ፣ ዓባይን ከነታንኳው መሣል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ቀዛፊዎቹን በጎን ሣልኋቸውና አሳየኋቸው። ደነገጡ።

«ምን አድርገውሽ ነው አንድ ዓይን ብቻ የሣልሽላቸው? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው!»

ሁሉንም ወደ እኛ አዞርናቸው።

«አባባ፣ ታዲያ መንገዱን ማን ይይላቸው?» አልኋቸው።

«ባለቤቱ ያያል» ብለው ወደ ላይ ጠቆሙና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጎረቤት ማማት ቀረ። አንዳችን ገና አፋችንን ስንከፍት፣ «ሁለተኛ ዓይኑንም ሣሉለት እንጂ!» ይላሉ ከመደባቸው ላይ። ወሬው በሳቅ ያልቃል።

ሥዕሉ ላይ ታንኳው መሐል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀለም ሳይነካው ነጭ ወረቀት እንደሆነ ቀርቶ ነበር። «የሚዘገይ ሰው አይጠፋም፣ ተይለት» ብለውኝ ነው።

አርባቸው በወጣ ማግስት ያንን ሥዕል ከግድግዳው አወረድሁት። መደባቸው ባዶ ነው። ብሩሼን አርጥቤ ነጩ ቦታ ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ዓይን ተሥሎላቸው።

እሳቸውም እንደ ቀዛፊዎቹ ናቸው። መንገዱን ትተው እኛን ያያሉ።