ከውሃ ሮቶ የጠፈር ተዋጊ

ፍጹምን ከመስካት ያስባረርኩት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ይህን የምለው ግን ራሴን ነፃ ለማውጣት እንዳይመስላችሁ። ክፉ የሚያስብ ሰው ቢያንስ የሚሠራውን ያውቃል።

ፍጹም የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እዚያው ቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ ኦማን መጥቶ የኤሲ ጥገና ገባ። መሥሪያ ቤታችን ሩሰይል ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ጠዋት ሠራተኞቹን ከሩዊ ጭኜ ቁሩም ቪላዎቹ ጋ አራግፋቸዋለሁ፣ ሥራ ሲያበቃ እሰበስባቸዋለሁ። የምንኖረውም አንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እኔ፣ ፍጹም፣ ዘበኛው አባተ እና መጋዘን ዕቃ የሚያወርደው በድረዲን። በዕድሜ ስለምበልጣቸው ጋሽ ወልዴ ይሉኛል። ይሄ ጋሽ የሚሉት ነገር ሰው ያበላሻል፤ ሁሉን የምታውቅ ይመስልሃል።

ልጁ ዝምተኛ ነው። ዓርብ ዓርብ እኛ ካርታ ስንጫወት እሱ ደብተሩን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ መስሎን "ማናት እሷ?" እያልን እናሾፍበት ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት አባተ ልብስ ሊያሰጣ ወጥቶ ደብተሩን አየና ፊቱ ተለዋውጦ ወረደ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ልጅ ጦርነት ሊገጥም ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ከሰማይ ከሚመጡ ፍጡሮች ጋር።"

ወጣሁ። ፍጹም የሕንፃውን የውሃ ሮቶ በሜትር እየለካ ነበር። ሊደብቀኝ ይሞክራል ብዬ ስጠብቅ እሱ ጭራሽ ደስ አለው። አጠገቡ አስቀምጦኝ ገጽ በገጽ ያስረዳኝ ጀመር። ፍጡሮቹ በእውቀት ከእኛ ሺህ ዓመት ይቀድማሉ። የእነሱን የሚያክል ፋብሪካ የለንም፣ ጊዜም የለንም፤ ስለዚህ የምንዋጋው ጣሪያችን ላይ ባለው ነገር ነው። የጠፈር ተዋጊው የአብራሪ ክፍል ሮቶ ነው። ወንበሩ ከአሮጌ ታክሲ ይነቀላል። የቀረው የኤሲ ኮምፕረሰር፣ የመዳብ ቱቦና የጋዝ ሲሊንደር ነው።

"ኤሲ ብርድ አይሠራም፣ ጋሽ ወልዴ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው" አለኝ። "ሙቀቱን ከቤት አውጥቶ ውጪ ይደፋዋል እንጂ። እነሱ ደግሞ የሚያገኙን በሙቀታችን ነው። ሞተር ይሞቃል፣ ሰው ይሞቃል። ስለዚህ ሙቀቱን ውጪ አንደፋውም፤ በረዶ የሞላ ታንከር ውስጥ እንከተዋለን። በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ይሞቃል፣ እስኪፈላ ድረስ ማንም አያየንም። አርባ ደቂቃ አለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንፋሎቱን መልቀቅ ግድ ነው። ስንለቀው ያዩናል። ሲመጡ ያን እንዴት እንደምናደርግ ነው ያቃተኝ።"

"ቢመጡ" አላለም። "ሲመጡ" ነው ያለው። ደነገጥኩ። እዚያው አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ፀሐዩ በረታ፣ እንውረድ ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ያደረገው ሁሉ የበሽታው ምልክት ሆነብን። ሚኒባስ ውስጥ "አርባ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ" እያለ ለራሱ ሲያንሾካሾክ በመስታወት አየዋለሁ። ሥራውን ጨርሶ የቪላ ጣሪያ ላይ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲቆም ሰው ይጠቁመኛል። እዚህ አገር ለብቻው የሚያወራ ሰው ለሐበሻ ቀልድ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአባተን የአገር ልጅ ሁለት ሰው እጇን ይዞ ነው አውሮፕላን ያሳፈራት፤ እሷም ስትጀምር ለብቻዋ ነበር የምታወራው። አባተ እሷን እያስታወሰ ያለቅስ ነበር።

"ሳይብስበት ጠበል ይግባ" አለ አባተ።

"ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ልጁን ጠይቁት እንጂ" አለ በድረዲን።

"አንተ ስለ ጠበል ምን ታውቃለህ?"

"ስለ ጠበልማ አላውቅም። እኔ ያልኩት ጠይቁት ነው።"

አልሰማነውም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ፍጹም ካርታ ቢጫወት፣ ቢራ ቢጠጣ፣ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ ሲያፈጥ ቢውል ጤነኛ ነው ብለን እንተወው ነበር። ያስፈራን ቁጭ ብሎ ማሰቡ ነው። ለእኛ ቢጤ ሠራተኛ ማሰብ ምን ይሠራለታል?

የቆረጥነው ሁለት ወር ፈቃድ፣ እነሱ ኢጃዛ የሚሉትን፣ ልንጠይቅለት ነበር። አገሩ ገብቶ፣ ጠበል ተጠምቆ፣ ተሽሎት ይመለሳል። ሙዲሩ፣ አለቃችን ጃቢር፣ ደግሞ ሰው ነው፤ ልጄ ስትሞሸር ኢጃዛ የሰጠኝ እሱ ነው። ቢሮው ገብቼ ፍጹም ጭንቅላቱን ትንሽ አሞታል አልኩት። እንዲያምነኝ ብዬ ከትራሱ ሥር የሰረቅሁትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ጃቢር ገጾቹን ገለጠ። ሲሊንደር፣ ቱቦ፣ የማያነበው የአማርኛ ጽሑፍ፣ የሚፈነዳ ነገር።

"ኤሽ ሃዳ? ይሄ ምንድን ነው?"

"የጦር አውሮፕላን ነው። ለሰማይ ሰዎች።"

ደብተሩን ዘጋው። "ወልዴ፣ ይሄ ሰው በየሰዉ ቤት ይገባል። ጣሪያ ላይ ይወጣል። ቢወድቅስ? ሌላ ነገርስ ቢያደርግ?"

"እኔ የጠየቅሁት ኢጃዛ ብቻ ነው።"

"ኢጃዛ ማፊ፣ የለም። ቪዛው ካንስል ይደረጋል። ኻላስ።"

ለመንኩት፤ ልጁ ደህና ሠራተኛ ነው፣ ትንሽ ነው ያመመው አልኩ። በለመንኩ ቁጥር በሽታውን እያጸናሁት ሄድኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ፍጹም ሲነገረው አልጮኸም። ክፍላችን ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠና "ደብተሬን ማን ነው የሰጠው?" ብቻ አለ። አባተ መሬት መሬት ያያል። እኔ ነኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

ኤርፖርት ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ በቀትር፣ ሰው በሌለበት ሚኒባስ። ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው፤ ያን ቀን ከፊት ተቀመጠ። ግማሽ መንገድ ስንሄድ ያቺን ጥያቄ አወጣኋት።

"ፍጹም፣ እውነት ይመጣሉ ብለህ ታምናለህ?"

ዞሮ አየኝ። "እነማን?"

"እነሱ ናቸዋ። የሰማዮቹ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "አንተ ካርታ ስትጫወት ንጉሡ እውነት ንጉሥ ነው እንዴ?"

"ሲመጡ ነበር እኮ የምትለው!"

"ታዲያ ምን ልበል? ቢመጡ ካልኩ ጭንቅላቴ አይሠራልኝም። በቀን አሥር ኤሲ እፈታለሁ፣ የሰው አቧራ አወጣለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ከተማርኩት ውስጥ የቀረኝ ያ ደብተር ነበር። ደስ ይለኛል፣ በቃ። ጋሽ ወልዴ፣ የዚያን ዕለት ጣሪያ ላይ ስታዳምጠኝ የገባህ መስሎኝ ነበር።"

መንገዱ ዳር መኪናውን አቁሜ ተመልሼ ለጃቢር ልናገር አልኩት።

"ምን ልትለው? አላበደም ልትለው?" አለኝ። "አባተ እኮ ቤተሰቤ ጋ ደውሏል። እናቴ ጠበሉን አዘጋጅታ፣ የሚይዙኝን ሁለት ጎረምሶች ይዛ ነው የምትጠብቀኝ። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ያለቅሱልኛል። ያላ፣ ንዳው፤ መግቢያው እንዳይዘጋብኝ።"

ነዳሁት። ሲወርድ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ አቀፍኩት። ሻንጣው አንድ ብቻ ነበር።

እሁድ የሥራ ሳምንት ሲጀምር ከሁሉ ቀድሜ ጃቢር ቢሮ ቆሜ ተገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጁ ጤነኛ ነው፣ ቪዛ ላክለት አልኩት።

"ጤነኛ ከሆነ ያ ሁሉ ሥዕል ምንድን ነው?" አለኝ።

በደንብ ካስረዳሁት ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። ወረቀት ስቤ ሮቶውን ሣልኩለት። በረዶውን፣ ቱቦውን፣ ሙቀቱ የሚዞርበትን አሳየሁት። ውሃው እስኪፈላ አርባ ደቂቃ እንዳለን ነገርኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝን ነገርም ጨመርኩለት፤ እንፋሎቱን ከጨረቃ ጀርባ ሆነን ብንለቀው እኮ አያዩንም፣ ፍጹም ይህን አላሰበውም አልኩት። ድምፄ ከፍ እያለ መሄዱ አልታወቀኝም።

ጃቢር አንዴም ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ለታመመ ሰው በሚሆን ለስላሳ ድምፅ፣ "ወልዴ፣ የሚኒባሱን ቁልፍ ለዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተወው" አለኝ።