የላይኛው ቤት ውሃ

ኮርኒሳችን ላይ ያ እድፍ መጀመሪያ ሲታይ የስኒ ቂጥ ቢያህል ነው። ባለቤቴ አንጋጦ አየና «ይደርቃል» አለ። እሱ ሁሉም ነገር ይደርቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ ልብስ ሰቅለህ ዞር ሳትል ይደርቅ የለ፣ ኮርኒስም እንደዚያ መስሎታል። እኔም ገና ከሥራ መግባቴ ስለነበር ቀና ብዬ የምከራከርበት አንገት አልነበረኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

የምንኖረው ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ውስጥ፣ ከሥሩ ሱቆች ባሉት ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ፣ ልክ አናታችን ላይ፣ የአገራችን ልጅ ትኖራለች። ባሏ አል ዐይን፣ አል ጂሚ አካባቢ ያለ ሆቴል ውስጥ ስለሚሠራ የሚመጣው ለእረፍት ቀኑ ብቻ ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ያቺ ልጅ ቀን ያየችውን የሰማችውን ሁሉ ማታ ለአባቷ በስልክ የምታራግፍ ምላሰኛ ናት። እናትየው በዚያን ጊዜ ሰባት ወሯን ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወጥቶባታል። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ ይሄኛውን ሁላችንም እንደ እንቁላል ነበር የምንጠብቀው።

እድፉ ከመታየቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የዚችው እርጉዝ ጎረቤታችን እናት አገር ቤት አረፉ። ወሬው የደረሰው ለባሏ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ሚስቱ ከመምጣቱ በፊት ጋሼን አማከረ። ጋሼ የምንላቸው አል ዐይን ውስጥ በሾፌርነት ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ሐዘንም ሠርግም ሲኖር የሚሰበስቡን ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸውም «ሳትወልድ አይነገራትም» ብለው ቆረጡ። በሰላም ትገላገል፣ አራስነቷን ትጨርስ፣ ከዚያ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳታል። መርዶ እንዲሁ አይወረወርም፤ ደንብ አለው። የባሏም ልመና ይኸው ነበር። «ይሄ ልጅ ከወጣባት እሷንም አላገኛትም» ብሎ እፊቴ ሲያለቅስ ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነበር። ብቻ! የእኔን ፊት የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠኝ። የከፋኝ ቀን የግሮሰሪው ካሺየር እንኳ «ሲስተር፣ ምን ሆንሽ?» ይለኛል። ስለዚህ ፊቴን እንዳታነበው ከላይኛዋ ልጅ መሸሽ ጀመርኩ። ሊፍት ውስጥ እንዳንገጣጠም በደረጃ እወጣለሁ። ስትደውልልኝ ሚቲንግ ላይ ነኝ እላለሁ። በቀን ቢሮ ውስጥ ለእንግዳ ፈገግ ስል ውዬ ማታ ደግሞ ደረጃ ላይ እደበቃለሁ። ድካም ማለት ይሄ ነው እንጂ ሥራማ ሥራ ነው።

እንግዲህ ኮርኒሱ የጀመረው በዚህ መሃል ነው። በደህናው ጊዜ ቢሆን ወደ ላይ ወጥቼ «አንቺ፣ ውሃሽ እኛ ቤት ገባ» ብዬ ስቀን እንለያይ ነበር። አሁን ግን በየት በኩል ልሂድ? ስሸሻት ከርሜ ድንገት በሯን ባንኳኳ፣ ያውም በዚህ ፊቴ፣ ገና «እንደምን ዋልሽ» ሳልል የእናቷን ስም ትጠራለች። ስለዚህ ዙሪያውን ዞርኩ። የሕንጻውን ጠባቂ፣ እዚህ ናጡር የሚሉትን፣ ጠራሁት።

ናጡሩ እድፉን አየና «ኤሲ» አለ። የኤሲው የውሃ መውረጃ በአቧራ ተደፍኖ ነው ብሎ ነፋው፤ ጥቁር ጭቃ አወጣና «ኸላስ፣ ማዳም፣ አለቀ» ብሎኝ ሄደ። እድፉ የሳህን ያህል ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የላይኛው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎማ ነው አለ። ጎማው ተቀየረ፣ እድፉ የትሪ ያህል ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ የውሃ ማሞቂያው ነው አለ። እኔም በበኩሌ ናጡሩ ራሱ ነው ማለት አምሮኝ ነበር። ሳሎናችን እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ መሽተት ጀመረ። የግድግዳው ቀለም እንደተቃጠለ ቆዳ አበጠና በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ጥግ ላይ ሻጋታ ወጣ። ልጄ ደግሞ ማሳል ጀመረች።

በመጨረሻ የሕንጻው ባለቤት ውሃ የገባባቸውን ቤቶች የሚያድስ ድርጅት ላከልን። የመጣው ባለሙያ ጎልማሳ ግብጻዊ ነው፤ እሱም እንደ እኔ የደከመው ሰው መሆኑ ከአቀማመጡ ያስታውቃል። ግድግዳው ላይ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ እየለጠፈ ዞረ፤ በአንድ ካሜራም ኮርኒሱን አየ። ወደ ላይ ወጥቶ የልጅቷን መታጠቢያ ቤት አይቶ ሲመለስ ውሃ የሚገባበትን ነገር በደንብ አስረዳኝ።

«ቧንቧ ቢፈነዳ ቀንም ሌሊትም ይወርዳል» አለኝ። «የእናንተ ይወርዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ይሄ የሻወር ውሃ ነው። ከሴራሚኩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ አልቋል። ሰው ቶሎ ታጥቦ ከወጣ ምንም የለም። ብዙ ከቆመ ግን ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ በቤቶኑ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ደስ ባለው ቦታ ይወርዳል። ደስ ያለው ሳሎናችሁ ነው።»

ዋናው መድኃኒቱ ሴራሚኩን ነቅሎ እንደገና መሥራት ነበር። እርጉዝ ሴት በአቧራና በመዶሻ መሃል አትቀመጥ። አል ዐይን ባሏ ጋ ትሂድ እንዳይባል፣ እዚያ የአገሯ ሰው በሽ ነው፤ አንዱ «እግዜር ያጥናሽ» ቢላትስ? ስለዚህ ባሏ እስክትወልድ ይቆይልን ብሎ ለመነ። ለጊዜው ገላዋን ቶሎ ታጥባ ትውጣ ተባለ። በስልክ ነገርኳት፤ በስልክ ፊት አይታይም።

«ውይ፣ እኔን! ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም እኮ» አለችኝ። ድምጿ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል ጠጪ አልኳት።

ትንሽ ቀን ቆመልን። ከዚያ እንደገና ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከሥራ መጥቼ ባልዲውን ሞልቶ ሳገኘው ደሜ ፈላ። «ይቺ ልጅ ዓሣ ናት እንዴ?» አልኩት ባለቤቴን። «ሰው እየለመናት እንዴት ሰዓት ሙሉ ውሃ ሥር ትቆማለች? የእኔ ልጅ እዚህ ደረቷ እየተዘጋ!» እሱም ጫማውን እያወለቀ «እርጉዝ ሙቀት ይበዛባታል፣ ተያት» አለኝ። ተውኳት። ማታ ማታ ወለል እየወለወልኩ፣ ላይ የሚፈሰውን ውሃ እየሰማሁ፣ ሆዴ ውስጥ እረግማታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እናቷ ትዝ ይሉኝና እርግማኔን መልሼ እውጠዋለሁ።

አንድ ቀን ቢሮ ሳለሁ ልጄ ደወለች። «ማሚ፣ ሲሊንጉ ሶፋው ላይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ውሃ የጠጣው ኮርኒስ ተገንጥሎ ወርዷል። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው።

ግብጻዊው ቅዳሜ ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። ሳሎኑ ባዶ ይሁንልኝ አለ። ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ቴሌቪዥኑን አውጡ፤ ምንጣፉን ጠቅልሉ፤ ስፖንጅ ያለው ውሃ የጠጣ ነገር ሁሉ አይድንም፣ ይጣል። ሶፋዬን ጣልኩ። ለሸክሙ ሰው ስንፈልግ ጋሼ ሰምተው ከአል ዐይን ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጡ ነጠላቸውን እንደለበሱ ናቸው። የላይኛዋ ልጅ ባልም የእረፍት ቀኑ ስለነበር ወርዶ ከእኛ ጋር ተሸከመ። ሠራተኞቹ የረጠበውን ኮርኒስ ቆርጠው አወረዱ፣ ሻጋታውን ፈገፈጉ፣ መድኃኒት ረጩ። ከዚያ ማድረቂያ ማሽኖቹን ይዘን እንመለሳለን ብለው ምሳ ሄዱ።

እኛ ወገባችን ተቆርጧል። መቀመጫ ስለሌለ ከመኝታ ቤት ፍራሾች አውጥተን በግድግዳው ዙሪያ አነጠፍን። የሳሎኑ መብራት ተቆርጧል፤ ለፀሐዩ ደግሞ መስኮቱን በአንሶላ ጋርደነዋል። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። የልጅቷ ባል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል። የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከድካም በቀር ምንም አልነበረም።

በሩ ክፍት ነበር። የላይኛዋ ልጅ አንድ ድስት ፓስታ በፎጣ ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። ለሠራተኞቹ ምሳ ብላ፣ ይቅርታም ልትል ነው የወረደችው። ገባ አለችና ቆመች። ያን ጊዜ ነው ቤቴን በእሷ ዓይን ያየሁት። ወንበር የሌለበት ባዶ ሳሎን፣ በዙሪያው ፍራሽ፣ ነጠላ የለበሱ ሴት፣ ጋሼ ከነባለቤታቸው ከአል ዐይን ድረስ መጥተው፣ ባሏ አንገቱን ደፍቶ። ልቅሶ ቤት ነው! እኛው በገዛ እጃችን ልቅሶ ቤት አሰናድተን ቁጭ ብለናል።

«ውሃ ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ኮርኒሱ ወድቆ ነው እህቴ፣ ሶፋውን አውጥተን ነው፣ ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።»

ድስቱን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ማን ሞተ አላልኩም እኮ» አለች።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ጋሼ ስንት ጊዜ በሐሳባቸው ያሰናዱት የመርዶ ቃል ነበራቸው፤ እሱን ትተው ድስቱን ከእግሯ ሥር አነሱላት።

«ያን ሰሞን የእህቴ ልጅ በስህተት ፎቶ ላከችልኝ» አለች፣ ለባሏ። «የእማዬ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ለእኔ መላኩን ስታውቅ ወዲያው አጠፋችው። አይቼው ነበር።» አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አንተ በስልክ እየሳቅክ ታጫውተኛለህ። እትዬ በደረጃ ትሸሸኛለች። ይሄን ሁሉ ለእኔ ብላችሁ ስትለፉ አውቄያለሁ ማለት ከበደኝ። ልፋታችሁን እንዳላፈርስባችሁ ብዬ ነው።»

ባሏ ተነስቶ ሊይዛት ሄደ። እሷ ግን ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች፤ ኮርኒሱ ተቆርጦ ቤቶኑ ባዶውን ይታያል።

«ልጃችን ማሚ አለቀሰች ብላ እንዳትነግርህ ሻወር እከፍት ነበር» አለች። «ውሃው ድምፅ ያጠፋል። እትዬ ቶሎ ውጪ ስትለኝ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።»

ያቺን ሴት ስንት ማታ በሆዴ ረግሜያታለሁ። እሷ ላይ ሆና ስታለቅስ እኔ ታች ሆኜ እንባዋን በባልዲ እቀበላለሁ። እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ በጊዜዋ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ የፈራነው አልደረሰም። እኛ እንዳትሰማው የፈራነውን ሐዘን እሷ ብቻዋን ተሸክማው ከርማለች።

የጋሼ ባለቤት ከፍራሹ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧት። እሷም የባሏን ክንድ ይዛ ፍራሹ ላይ ቀስ ብላ ዝቅ አለችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ቆሜ ማልቀስ ደከመኝ እትዬ» አለችኝ። «ዛሬስ ቁጭ ብዬ ላልቅስ።»